በኪሳችን ስለምንይዘው ማኅተም

የሰው ስሙ ከገንዘቡ እንደሚበልጥ የታወቀ ነው። ገንዘብ የጠፋበት ሰው ሠርቶ መልሶ ሊያገኘው ይችላል፤ ስሙ የጠፋበት ሰው ግን ዘመኑን ሁሉ ሲያስረዳ ይኖራል። ስለዚህ አባቶቻችን ስምን የሚያጸናውን ማኅተም በብርቱ ይጠብቁት ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ማኅተም በጸሐፌ ትእዛዙ እጅ የሚቀመጠው ሌላው ባለሟል ሁሉ የማይታመን ስለ ሆነ አልነበረም። አንድ ደብዳቤ ያለ ፈቃድ ታትሞ የተገኘ እንደ ሆነ የሚጠየቀው ሰው አስቀድሞ እንዲታወቅ፤ ንጹሑም ሰው ከሐሜት እንዲድን ነበር።

ዛሬ ግን ማኅተም የሌለው ሰው የለም። ሹሙም፥ ነጋዴውም፥ ዘበኛውም፥ በገበያ በርበሬ የምትሸጠውም ሴት፥ እያንዳንዱ ማኅተሙን በኪሱ ወይም በመቀነቱ ይዞ ይዞራል። ይህም ማኅተም የእጅ ስልኩና መታወቂያው ነው። በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስሠራ ከዚህ የተነሣ የሚመጣውን ጠብና ክስ በየጊዜው የማየው ስለ ሆነ፤ በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ላይ ጥቂት ልናገር ወደድሁ።

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ከሐረር እስከ አዲስ አበባ መስመሩን መዘርጋት የተጀመረው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1894 ነበር። በዚያን ጊዜ ስልክ ድምፅ ብቻ የሚያመላልስ ዕቃ ነበርና፤ ሌባ ቢሰርቀው እንኳ የሚያገኘው እንጨትና ሽቦ ብቻ ነው። በ1991 ዓ.ም. የእጅ ስልክ በመጣ ጊዜ ሌባው የዕቃውን ዋጋ ማግኘት ጀመረ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብር፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ኤም ፔሳ በአገራችን ሥራ ከጀመሩ ወዲህ፤ ባንኮችም ሒሳባችንን በስልካችን ላይ ካኖሩልን ወዲህ፤ ስልክ ገንዘብ የተቀመጠበት ሣጥን ሆነ። መታወቂያም እንዲሁ ተለውጧል። ቀድሞ የምናውቀው የቀበሌ መታወቂያ ፎቶግራፍና ክብ ማኅተም ያረፈበት ወረቀት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው ዲጂታል መታወቂያ፤ ማለት ፋይዳ የምንለው ግን፤ የጣታችንን አሻራ፥ የዓይናችንን ብሌንና የፊታችንን መልክ ከስማችን ጋራ ያስተሳስራል። እንግዲህ ስልኩንና መታወቂያውን በአንድ ቦርሳ ይዞ የሚሄድ ሰው፤ ሣጥኑንና ማኅተሙን በአንድ ገመድ አስሮ በትከሻው ተሸክሟል ማለት ነው።

ነገሩ እስከ ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚዘልቅ ለማስረዳት በቤተ ዘመዳችን የደረሰውን ልናገር። አክስቴ ዕድሜአቸው ወደ ሰባ የተጠጋ፤ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ናቸው። ፊደል አልቈጠሩም፤ በቤት አያያዝና በቍጠባ ግን ብዙ የተማረ ሰው አይደርስባቸውም። ልጃቸው በዐረብ አገር ሠርታ በየወሩ ገንዘብ ትልክላቸዋለች። ከዚሁም እየቈጠቡ ለባላቸው ሙት ዓመትና ለቤታቸው ቆርቆሮ 38,000 ብር አኑረው ነበር። በስልካቸው ላይ መልእክት ሲመጣ የሚያነብላቸው የጎረቤት ልጅ ነው፤ ዕድሜው ዐሥራ ሁለት ዓመት ነው። የምሥጢሩ ቁጥር የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት በሟች ባላቸው የዳዊት ማኅደር ውስጥ ትቀመጥ ነበር፤ ልጁም ይህን ያውቃል።

አንድ ቅዳሜ ጧት ስልኩ ጮኸ። የደወለው ሰው «እናቴ» እያለ በትሕትና ተናገረ፤ ስማቸውንም ጠራ፤ ከባንክ ነኝ አለ። «ልጅዎ የላከችልዎ ገንዘብ ተይዟልና፤ እንዲለቀቅልዎ አሁን የሚደርስዎን ቁጥር ያንብቡልኝ» አላቸው። አክስቴም ልጁን ጠርተው አስነበቡት። ቀጥሎም ሰውዬው የምሥጢሩን ቁጥር ጠየቀ፤ ወረቀቷ ከማኅደሩ ወጣች፤ ልጁ እንደ ታዘዘው አነበበ። ቡናው ሁለተኛው ሳይቀዳ 38,000 ብሩ ሄዷል።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ግን ከገንዘቡ መጥፋት የከፋ ነበር። ዘመድ ተሰበሰበ፤ «ቁጥሩን ያነበበው ማን ነው? ወረቀቷ ያለችበትን የሚያውቅ ማን ነው?» ተባለ። የደወለው ሰው የት እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ ልጁ ግን እዚያው ደጅ ላይ ቆሞ ይታያል። ወሬው ከአጥር ወደ አጥር ተሻገረ። የልጁ እናት ቀርባ ማለች፤ የጆሮ ወርቄን ሸጬ ልክፈል እስከ ማለት ደረሰች። ልጁም ወደ አክስቴ ቤት መምጣት ተወ። ሃያ ዓመት እሳት ሲበዳደሩ የኖሩ ሁለት ቤቶች ቡና መጠራራት አቆሙ። አክስቴ በሐዘን «ብሩስ ይቅር፤ ልጄን ማን ይመልስልኛል?» ይሉ ነበር። ልጄ የሚሉትም ያንኑ የጎረቤት ልጅ ነው።

ነገሩ ለፖሊስ አመልክተው ሲመረመር፤ ገንዘቡ በሦስት ሰዎች ስም ወደ ተከፈቱ ሒሳቦች ተከፋፍሎ እንደ ሄደ ታወቀ። ከሦስቱ አንዱ በቀን ሥራ የሚተዳደር ሰው ሆኖ ተገኘ። ይህ ሰው መታወቂያው ከጠፋበት ብዙ ወር አልፎት ነበር፤ በስሙ ሒሳብ መከፈቱን የሰማው ለምርመራ በተጠራ ጊዜ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው ሆነ። በዚህም የልጁ ንጽሕና ተገለጠ፤ ዘመዶች ወደ እናቱ ሄደው ይቅርታ ጠየቁ፤ ሁለቱ ቤቶችም ታረቁ። ገንዘቡ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም።

ከዚህ ነገር የምንማረውን ለመናገር የቤተ ክርስቲያንን ልማድ አስታውሳለሁ። በብዙ አጥቢያ የሙዳየ ምጽዋቱ ቁልፍ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይሆንም፤ ሣጥኑም የሚከፈተው ኃላፊዎቹ በተሰበሰቡበት ነው። በልጅነቴ የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ይህን አይቼ፤ ካህናቱ እርስ በርሳቸው አይተማመኑም ይሆን ብዬ መምህሬን ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም «ቁልፉ የተሠራው ለሌባው ብቻ አይደለም፤ ያልሰረቀው እንዳይታማ ነው» አሉኝ። በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሒሳብና መዝገብ አያያዝ ስማር፤ ይህንኑ ነገር በሌላ ቋንቋ ሰማሁት። ምሥጢራችንን ያለ ሥርዓት በቅርብ ሰው ላይ የጣልን እንደ ሆነ ለዚያ ሰው አደራ የሰጠን ይመስለናል፤ በውነቱ ግን ለመጣው ሌባ ሁሉ መያዣ አድርገነዋል። የቤት ሠራተኛዋ፥ ሹፌሩ፥ የወንድም ልጅ፥ ባልና ሚስትም ቢሆኑ፤ ቁጥሩን ስላወቁ ብቻ አንድ ቀን ተጠርጣሪ ይሆናሉ።

አክስቴና ልጃቸው ከዚያ በኋላ ያደረጉት ስምምነት ለብዙ ቤት ምሳሌ የሚሆን ነው። ዋናው ገንዘብ ከስልኩ ጋራ ባልተያያዘ የቍጠባ ደብተር ገባ፤ ለማውጣት አክስቴ ራሳቸው ባንኩ ድረስ ሄደው በአሻራቸው ይፈርማሉ። በስልኩ ላይ የሚኖረው የወሩ አስቤዛ ብቻ ነው። ልጁ እንደ ቀድሞው መልእክት ያነብላቸዋል፤ ነገር ግን ስልክ የሚደውል ሰው የሚጠይቀውን ማናቸውንም ቁጥር እንዳያነብ ተነግሮታል፤ በዚህም ሰው ቢቈጣ ቍጣው በአክስቴ ላይ እንጂ በእርሱ ላይ አይደለም። ብጣሿ ወረቀት ተቃጠለች። ማንበብ የማይችሉ ሴት ስድስት አኃዝ እንዴት በቃላቸው ይይዛሉ ቢባል፤ እርሳቸው መላውን አገኙለት። ሥላሴ በ7፥ ሚካኤል በ12፥ ገብርኤል በ19፥ ማርያም በ21፥ መድኃኔ ዓለም በ27 እንደሚውል ያውቃሉና፤ ከወሩ በዓላት ሦስቱን መርጠው በልባቸው ደረደሩ። የትኞቹን እንደ መረጡና በምን ተራ እንዳኖሯቸው እኔ አላውቅም፤ እንዲነግሩኝም አልፈልግም።

አሁን ወደ መታወቂያው ልመለስ። በከተማችን ወደ ብዙ መሥሪያ ቤት ለመግባት መታወቂያን በር ላይ አስይዞ መግባት ልማድ ሆኗል። ዘበኛው ካርዱን በሣጥን ወይም በመስኮት ደፍ ላይ ከሌሎች ካርዶች ጋራ ይደረድረዋል። ባለ ጉዳዩ ሲወጣ በጥድፊያ የሌላውን ሰው ካርድ ይዞ ቢሄድ፤ ወይም አንዱ ካርድ ቢጐድል፤ ዘበኛው ምን ይመልሳል? ስለዚህ የተከበሩ ባለ ጉዳዮች፤ ስማችሁና የመታወቂያ ቁጥራችሁ በመዝገብ ተጽፎ ካርዱ ወዲያው እንዲመለስላችሁ በትሕትና ብትጠይቁ መልካም ነው። የማይሆን ከሆነ የመሥሪያ ቤታችሁን መታወቂያ አስይዙ፤ ዋናው በኪሳችሁ ይቈይ። ስትወጡም በካርዱ ላይ ያለውን መልክና ስም አይታችሁ ተቀበሉ።

ሌላው መንገድ የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ሰዎች የመታወቂያቸውን ሥዕል በቴሌግራም ወደ ባለ ሱቁ ስልክ ይልኩና አሳትመው ይሄዳሉ፤ ሥዕሉ ግን በዚያው ስልክ ውስጥ ይቀራል። ባለ ሱቁ ደግ ሰው ሊሆን ይችላል፤ ስልኩን የሚሰርቅበት ሰው ግን ደግ አይሆንም። ካሳተማችሁ በኋላ ሥዕሉ በፊታችሁ እንዲጠፋ ጠይቁ፤ ከራሳችሁም ስልክ ለሁለቱም ወገን ሰርዙት። ቅጂውን ለማንም ስትሰጡ፤ መልኩን ሳትሸፍኑ በላዩ ላይ በእስክርቢቶ «ለቤት ኪራይ ውል ብቻ» ወይም ሌላ ጉዳይ እንደ ሆነ ያንኑ ከነቀኑ ጻፉበት። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ቅጂውን ለሌላ ነገር ለማዋል የሚፈልገውን ሰው እጁን ያሳጥረዋል።

በቦርሳ ውስጥም ለዕለቱ የሚያስፈልገው ብቻ ይያዝ። የልደት ምስክር ወረቀት፥ ፓስፖርትና የቤት ካርታ፤ የሚፈለጉበት ቀን ካልደረሰ በቀር ከቤት መውጣት የለባቸውም። የኤ ቲ ኤም ካርድ ከምሥጢር ቁጥሩ ጋራ በአንድ ቦርሳ አይደር። በማሽኑ ፊት ስትቆሙ ቁጥሩን የምትነኩበትን እጅ በሌላው እጅ ሸፍኑ፤ ካርዱ ቢያዝ «ልርዳዎ» ብሎ የሚጠጋውን መንገደኛ አመስግናችሁ አሰናብቱ፤ ከባንኩ ሠራተኛ በቀር ማንም አይንካው።

ስለ ስልኩ መቈለፊያ ደግሞ ብዙ ሰው የማያስተውላቸው ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛው የቁጥሩ ርዝመት ነው። አራት አኃዝ ያለው ቁጥር የሚለዋወጥበት መንገድ 10,000 ነው፤ ስድስት አኃዝ ያለው ግን 1,000,000 ነው። ነገር ግን የተወለዱበትን ዓመት ያደረጉ እንደ ሆነ ሌባው ከመታወቂያው ላይ ያነበዋልና መቈለፍ ከንቱ ነው። ሁለተኛው ሲም ካርዱ ነው። ስልኩ ቢቈለፍም ሌባው ሲሙን አውጥቶ በሌላ ስልክ ቢያደርገው፤ ባንኩ የሚልከው የማረጋገጫ ቁጥር ወደ እርሱ ይሄዳል። ይህን የሚከለክለው የሲሙ የራሱ የምሥጢር ቁጥር ነው፤ በስልኩ ማስተካከያ ውስጥ ይገኛል። ሲደረግም በጥንቃቄ ይሁን፤ ሦስት ጊዜ የተሳሳተ ሰው ፐክ የሚባለውን ስምንት አኃዝ ያለውን ቁጥር ይጠየቃል፤ እርሱንም ዐሥር ጊዜ ከሳተ ሲሙ ፈጽሞ ይዘጋል። ስለዚህ ሲሙ የመጣበትን የፕላስቲክ ካርድ በቤት ማስቀመጥ ይገባል። ሦስተኛው፤ ስልኩ ተቈልፎ ሳለ የመልእክቱ ቃል በመስተዋቱ ላይ እንዳይነበብ ማድረግ ነው፤ በሩን ቈልፎ ደብዳቤን በደፉ ላይ እንደ መተው ነውና።

ይህን ሁሉ ስል ቤታችሁን እንደ ምሽግ አድርጉት ማለቴ አይደለም። ቍልፍ ደግ ሰውንም ሊከለክል ይችላል። በመንገድ ላይ ታሞ የወደቀ ሰው ስልኩ ተቈልፎ ቢገኝ፤ ሊረዳው የመጣው ሰው ለማን ይደውላል? ስለዚህ ስልኩ ሳይከፈት የሚታይ የአንድ ዘመድ ቁጥር መኖር አለበት፤ ስልኮቹ ለአደጋ ጊዜ የሚሆን እንዲህ ያለ ስፍራ አላቸው። በቦርሳም ውስጥ የዘመድ ስልክ ቁጥር ብቻ የተጻፈባት ወረቀት ትኑር፤ የቤቱ አድራሻ አይጻፍባት። ይልቁንም ቁጥርን በቃል መያዝ ቀርቷልና እንመልሰው። መቶ ኀምሳውን መዝሙረ ዳዊት በቃላቸው የሚደግሙ አባቶች ልጆች ሆነን፤ ስልካችን በጠፋ ቀን የሚስታችንን ቁጥር የማናውቅ መሆናችን የሚያስቅም የሚያሳዝንም ነው።

ስልኩ ከተሰረቀ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ተራውን ማወቅ ይጠቅማል። አስቀድሞ በሌላ ሰው ስልክ ለስልክ ድርጅቱ ደውሎ ሲሙን ማዘጋት ነው፤ ለኢትዮ ቴሌኮም ቁጥሩ 994 ነው። ቀጥሎ ለባንኩ መንገር፤ ከዚያም ለዘመድና ለወዳጅ ማስታወቅ ነው፤ ሌባው በእናንተ ስም «ቸግሮኛልና ገንዘብ ላኩልኝ» ብሎ ይጽፋልና። ከዚያ ወደ ፖሊስ መሄድ ነው። ዛሬውኑ በስልካችሁ ላይ *#06# ብትነኩ 15 አኃዝ ያለው የስልኩ መለያ ቁጥር ይወጣል፤ እርሱን ጽፋችሁ በቤት አኑሩ። በችሎት ቀን በኤግዚቢትነት የቀረቡ ስልኮች በጠረጴዛ ላይ ተደርድረው ሲታዩ ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስላሉ። አንድ ቀን ከመካከላቸው አንዱ በራ፤ በመስተዋቱም ላይ «እማዬ» የሚል ስም ወጣ፤ ጥቂት በርቶ ጠፋ። ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ግን ገና አልታወቀም ነበር። እናትየዋ ልጇን ስትጠራ ያየነው ሁሉ ዝም አልን። ያ 15 አኃዝ በአንድ ደብተር ላይ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ የባለቤቱ ማስረጃ በሆነ ነበር።

ሕጉ የለም የሚል አይኑር። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅም በቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ነገር ግን ሕግ የሚመጣው ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ ነው፤ ዳኛም የሚፈርደው በማስረጃ ነው። ቀድሞ የነበረው ሌባ ሻይ ዛሬ ቢኖር እንኳ፤ በሩቅ አገር ተቀምጦ የደወለውን ሰው እየሮጠ ሊደርስበት አይችልም ነበር።

በመጨረሻ ስለ ሞት አንድ ቃል ልጨምር፤ ይህም ከባለ ትዳሮች የሚወራ አይመስላቸውም። የባሏን የምሥጢር ቁጥር ስለምታውቅ ለቀብሩ ወጪ ብላ በዚያው ሌሊት ገንዘብ ያወጣች ሴት፤ ከወር በኋላ በወራሾች ስትከሰስ አይቻለሁ። ክፉ አላደረገችም፤ ነገር ግን ስንት እንደ ነበረና ስንት እንዳወጣች የሚመሰክርላት አልነበረም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን፤ በ1952 ዓ.ም. በወጣው፤ ወራሽ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ምስክር ወረቀት የሚያገኝበት መንገድ አለ። ስለዚህ ለቤተ ሰባችን የምንተወው ቁጥሩን ሳይሆን ዝርዝሩን ይሁን፤ በየትኛው ባንክ ሒሳብ እንዳለን፥ የእቁቡና የእድሩ ደብተር የት እንደ ተቀመጠ፥ ያበደርነውና የተበደርነው ስንት እንደ ሆነ፤ በአንድ ወረቀት ተጽፎ፥ ባልም ሚስትም ፈርመውበት፥ ቦታው ለሁለቱም የታወቀ ይሁን።

በየመሥሪያ ቤቱ ያላችሁ የተከበራችሁ ኃላፊዎች፤ በበራችሁ ላይ የሰው ካርድ የሚከመርበትን ሣጥን አንሥታችሁ በመዝገብ ብትተኩት፤ ባለ ጉዳዩን ከመጉላላት፤ ዘበኛችሁንም ከነገ ክስ ታድናላችሁ። በቤታችሁም ምሥጢራችሁን የሚያውቁትን ሰዎች ቍጠሩ፤ ሳያስፈልጋቸው የሚያውቁት ቢኖሩ ቁጥሩን ለውጡና ሸክሙን ከእነርሱ ላይ አንሡላቸው። ለምን ለወጣችሁ ብለው ቢያዝኑ ምክንያቱን በግልጥ ንገሯቸው፤ አንድ ነገር የጠፋ ቀን የእነርሱ ስም እንዳይነሣ እንደ ሆነ ሲሰሙ የሚያዝን ወዳጅ አይኖርም።